«ሲጋራዬን ከባሌም ከሐኪሜም ደበቅሁ»

«ልጄን በገዛ እጄ እየጎዳሁት ነው። ይሄን አውቃለሁ። አንቺ ጋ የመጣሁት ግን እንድትሰድቢኝ አይደለም። ስድቡን እኔው ለራሴ ጠግቤዋለሁ...»

ይህን ያለችኝ የ26 ዓመት ወጣት ናት። የአራት ወር ነፍሰ ጡር። የቀጠረችኝ ከሰፈሯ ርቃ፣ ማንም የማያውቃት አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ስትደውልልኝ «የማማክርሽ የቤት ጉዳይ አለኝ» ስላለችኝ እንደተለመደው ባል፣ አማት፣ ውሽማ ምናምን ብዬ ነበር የሄድኩት። ማኪያቶ አዘዝን። እሷ አልነካችውም። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። መልሳ ትከፍታለች። በመጨረሻ ግራና ቀኝ አየችና በሹክሹክታ «አጨሳለሁ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ፊቴ ተለወጠ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ሆዷ ወረደ። «አየሽ?» አለችኝ። «ይሄንን ፊት ፈርቼ እኮ ነው እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ ያላልኩት።» ይህን ዓምድ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ኮሌጅ እያለች ነው። ለፈተና ጥናት እየተባለ ከጓደኞቿ ጋር በርጫ ትቀመጣለች። ጫት ደግሞ ሲጋራ ይጠራል። መጀመሪያ ከጓደኛ ተቀብሎ አንድ ሁለቴ ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ የራስ ሲጋራ... ስትመረቅ ጫቱን ተወችው። ሲጋራው ግን እሷን አልተዋትም። እነሆ ሰባት ዓመት። ስታገባ በቀን ስምንት ታጨስ ነበር፤ ማርገዟን ስታውቅ ወደ አምስት አወረደችው። እዚያ ላይ ቆመ።

ባለቤቷ አያጨስም። እንደምታጨስም አያውቅም። (እንዴት አያውቅም? እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ጠይቄያታለሁ።)

«ሥራ ቦታ ነው የማጨሰው። ከቢሮው ጀርባ ሰው የማይደርስበት ጥግ አለ። ወደ ቤት ስሄድ ሎሚ እመጣለሁ፣ ማስቲካ አኝካለሁ፣ ሻርፔን ቀይሬ ያኛውን በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ቤት እንደገባሁ ዕጣን ነው። ባሌ ዕጣን የምትወድ ሚስት ያገባ ነው የሚመስለው!» ሳቀች። ሳቁ ግን አልቆየም። ሲጋራውን የምትገዛው ከሌላ ሰፈር ሱቅ «ለባለቤቴ ነው» እያለች ነው። ምስኪን ባል! ሳያጨስ አጫሽ ሆኗል።

ማንም አልጠየቃትም

በአገራችን የምታጨስ ሴት ጥቂት ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከመቶ አዋቂ ወንዶች 6.2፣ ከመቶ ሴቶች ደግሞ 1.2 ያህሉ ብቻ ናቸው ያጨሱ የነበሩት። ጥሩ ነው፣ ይቀንስልን እንጂ አይጨምር። ግን እዚያች 1.2 ውስጥ ያለችው ሴት ምን ያህል ብቻዋን እንደሆነች አስቡት። ወንድ ሲያጨስ «ሱስ ይዞት ነው» ይባላል። ሴት ስታጨስ የሚወጣላትን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የእርግዝና ክትትል ጀምራለች። ክብደቷ ተመዝኗል፣ የደም ግፊቷ ተለክቷል፣ ሽንትና ደሟ ተመርምሯል፣ ክኒን ተሰጥቷታል። ስለ ሲጋራ ግን አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። «ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። ምናልባት እዋሽ ነበር። ግን አልጠየቁኝም። ሲስተሯ በለሰለሰ አፍ 'ታጨሻለሽ እንዴ የኔ እህት?' ብትለኝ ኖሮ እዚያው የማለቅስ ይመስለኛል።»

በበሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተረት ልንገስጻት እንችላለን። ግን የሚጠይቅ ከሌለ ለማን ትናገር?

ከሁሉ በላይ ያስፈራት ሌላ ነገር ነው። «ካረገዝኩ ወዲህ አምሮቱ ባሰብኝ። ሳነሳው ያጥወለውለኛል፣ ስተወው ደግሞ ያንቀጠቅጠኛል። ሰው እንዴት ሆዱ ውስጥ ልጅ ይዞ ይብስበታል? እርግማን ነው ብዬ ጠበል ልሄድ ነበር።»

ጥያቄዋን ይዤ ለረጅም ዓመታት በማኅፀንና ጽንስ ሕክምና የሠሩ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስለ «እርግማኑ» ስነግራቸው ፈገግ አሉ። የነፍሰ ጡር ሴት ሰውነት ኒኮቲንን ከወትሮው በጣም በፈጠነ ሁኔታ ነው አጣርቶ የሚያስወግደው። ኒኮቲኑ ቶሎ ስለሚያልቅ ሱሱም ቶሎ «አምጪ!» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ይህን ስነግራት በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እና እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

ታክሲውን የሚሞላው ጋዝ

ሐኪሙ ጉዳቱን ሲያስረዱኝ የጀመሩት ከሲጋራ አይደለም። «ክረምት ላይ ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ያልሰማ ማን አለ! «ያ የገደላቸው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሲጋራ ጭስ ውስጥም ያለው እሱው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ደማችን ኦክሲጅን የሚሸከም ታክሲ ነው በዪው። ይሄ ጋዝ ወንበሩን ከኦክሲጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፣ ኦክሲጅኑ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሕፃኑ ደግሞ ሌላ ታክሲ የለውም። የእናቱ ደም ብቻ ነው ያለው።»

የሚከተለውን በአጭሩ ልናገርና ልለፍ፣ ለማስፈራራት አይደለምና። ውርጃ፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ የእንግዴ ልጅ ከቦታው ቀድሞ መላቀቅ፣ ሞቶ መወለድ... ከተወለደም በኋላ ተኝቶ በድንገት መሞት ይጨምራል። ከሚያጨሱ እናቶች የሚወለዱ ልጆች በአማካይ 200 ግራም ያህል ክብደት ይጎድላቸዋል። እዚህ ላይ አንዳንድ ሴቶች «ትንሽ ልጅ ከሆነማ ምጡ ይቀለኛል» ይላሉ። በገጠርም ልጁ እንዳይገዝፍ ብላ ምግብ የምትቀንስ እናት አለች። ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ትንሽ ማለት ቀጭን ማለት አይደለም። ትንሽ ማለት ሳንባው፣ አንጎሉ፣ ሁሉ ነገሩ የጎደለበት ማለት ነው። ምጡ የአንድ ቀን ነው!»

የምሥራች የምለውም አለ። እናትየዋ ካቆመች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያ ጋዝ ከደሟ ይወጣል። ታክሲው ባዶ ይሆናል። «አራት ወር አልፎኛል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቆም ከሁሉ ይበልጣል፤ በስድስተኛውም በስምንተኛውም ማቆም ግን ይጠቅማል።

የአክስቷ ልጅ ከለንደን

መጀመሪያ ምስጢሯን እንድትነግር የጠየቅኋት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። የመረጠችው ለንደን የምትኖረውን የአክስቷን ልጅ ነው፣ ሩቅ ስለሆነች። ጉድ የተባለው እዚህ ላይ ነው! የአክስቷም ልጅ ለካ አጫሽ ኖራለች። ልጇን ስታረግዝ እንዴት እንዳቆመች ተናዘዘችላት። እኔም በስልክ አነጋገርኳት።

«እዚህ አገር መጀመሪያ ክትትል ስትሄጂ አዋላጇ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ትሰጥሻለች፤ ትነፊባታለሽ። አጨስሽም አላጨስሽም፣ ማንኛዋም እርጉዝ ትነፋለች። ያን የከሰል ጋዝ ነው የምትለካው። እኔ 'አላጨስም' ብያለሁ። መሣሪያው 14 አለ!» አዋላጇ አልተቆጣችም፣ «ዋሽተሻል» አላለቻትም። ቁጥሩ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደንቡ ወደ ምክር አገልግሎቱ መምራት ነው፤ ሴቲቱ አልፈልግም ካላለች በቀር ይላካል። በማግስቱ ስልክ ተደወለላት። በየሳምንቱ የምታነጋግራት አማካሪ ተመደበችላት፣ የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ታዘዘላት። በእንግሊዝ ነፍሰ ጡር ለታዘዘላት መድኃኒት ስለማትከፍል ገንዘብም አላወጣችም።

አንባቢ «ኒኮቲን ለእርጉዝ?!» ብሎ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ እኔም ደንግጫለሁ። ሐኪሙ እንዲህ አስረዱኝ፦ ሱስ የሚያሲዘው ኒኮቲኑ ነው፣ አብዛኛውን ጥፋት የሚያጠፋው ግን ጭሱ ነው። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካል አለ፣ ጋዙም አለ። ፕላስተርና ማስቲካው ውስጥ ጭስም ጋዝም የለም። ኒኮቲንም ቢሆን ንጹሕ ነገር አይደለም፤ የደም ሥር ያጠባል፣ በእንግዴ ልጁም በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ምንም መድኃኒት፣ በምክር ብቻ ማቆም ከተቻለ እሰየው! ካልተቻለ ግን ሐኪም ባለበት ፕላስተር መለጠፍ ከማጨስ በብዙ ይሻላል።

ተአምር ግን አትጠብቁ። በእንግሊዝ አገር በ1,050 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገ፣ በፈረንጆች 2012 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ሁሉም ምክር አግኝተዋል። ግማሾቹ እውነተኛ ፕላስተር፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ፕላስተር ተሰጣቸው። በአንድ ወር ውስጥ እውነተኛውን ያገኙት ከመቶ 21 ያህሉ አቁመው ነበር፤ ሌሎቹ ከመቶ 12 ያህሉ። እስከ ወሊድ ድረስ የዘለቁት ግን 9.4 እና 7.6 ብቻ ሆኑ። ለምን? አብዛኞቹ ሴቶች ፕላስተሩን አንድ ወር እንኳን ሳይጨርሱ ጣሉት። የተጣለ ፕላስተር ደግሞ ማንንም አያድንም። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ በ2017 የወጣ ግምገማ ደግሞ ምክርና የሰው ድጋፍ ያገኙ ነፍሰ ጡሮች ካላገኙት ይልቅ በሲሶ ያህል በበለጠ እንደሚያቆሙ፣ ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ልጆችም ከመቶ 17 እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እስኮትላንድ ግላስጎው ውስጥ ደግሞ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለሚያቆሙ ነፍሰ ጡሮች እስከ 400 ፓውንድ የሚያወጣ የገበያ ኩፖን ሰጡ! በ2015 በታተመው ውጤት ኩፖን የተሰጣቸው ከመቶ 22.5፣ ያልተሰጣቸው 8.6 አቆሙ። ሳቄ መጣ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ። «ጎበዝ፣ በርቺ» የሚል ሰው በገንዘብም ይምጣ በቃል፣ መኖሩ ነው።

ሻንጣ ውስጥ የመጣው ፕላስተር

ከአንድ ወር በኋላ ከለንደን የሚመጣ ሰው ተገኘና ፕላስተርና ማስቲካ ተላከላት። እሷም ለማንም ሳትናገር ጠዋት ለጥፋ ወጣች። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ሲጋራ አጨሰች። ማታ ደወለችልኝ። «ልቤ ይመታል። አጥወለወለኝ። ልጁ ምን ሆነ?» እያለች ታለቅሳለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጋዜጣ ላይ የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። «ፕላስተሩን አውልቂ፣ ልብሽ ካላረፈ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ፣ ካረፈም ጠዋት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም። ጠዋት እኒያ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ገብታ «አጨሳለሁ» ስትላቸው እኔ የማየው የሳቸውን ፊት ነበር። ንቅንቅ አላለም! የጽንሱን የልብ ምት አሰሟት። ዱብ ዱብ ዱብ... ደህና ነው። ከዚያ ብዕራቸውን አነሱና «ጠዋት ከተነሳሽ ስንት ደቂቃ ቆይተሽ ነው የመጀመሪያዋን የምታጨሺው?» አሏት። ሲጋራን እንደ ማንኛውም ሕመም ጠየቋት።

ያሏትን ልንገራችሁ። ፕላስተሩ በሲጋራው ፋንታ እንጂ በሲጋራው ላይ የሚደረብ አይደለም። መጠኑን ሐኪም ነው የሚወስነው። ጠዋት ደረቅና ፀጉር የሌለው ቆዳ ላይ፣ ክንድ ወይም ዳሌ ላይ ይለጠፋል፤ በየቀኑ ቦታው ይቀየራል፤ ማታ ከመተኛት በፊት ይወልቃል፣ ልጁም ሌሊቱን ያለ ኒኮቲን ይደር። የሚያጥወለውላት ሴት ከማስቲካው ይልቅ ፕላስተሩ ይስማማታል። ማስቲካውም እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፦ ቀስ ተብሎ ይታኘክና ሲያቃጥል ጉንጭና ድድ መሀል ተሸጉጦ ይቀመጣል፣ ሲጠፋ እንደገና። ቡና ከጠጡ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ በደንብ አይሠራም። (ይቺ ለእኛ አገር ሰው ትከብዳለች።) ሲጋራ ማስተዊያ ተብለው ለሌላ ሰው የሚታዘዙ ክኒኖች አሉ፤ እነዚያን ነፍሰ ጡር በራሷ ፈቃድ እንዳትነካ።

በዚያው ክሊኒክ የምትሠራ የምክር ባለሙያም አገናኟት። እኔ «ምክር» ሲባል ስብከት ይመስለኝ ነበር። ባለሙያዋ ግን የምታወራው ከምታዳምጠው ያነሰ ነው። በየትኛው ሰዓት፣ ከማን ጋር ሆና፣ ከምን በኋላ እንደምታጨስ በወረቀት አስጻፈቻት። ሁለቱ ከቡና በኋላ፣ አንዷ አለቃዋ ሲጮህባት፣ ሁለቱ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት። «እነዚህን አምስት ሰዓቶች ነው የምንዋጋው እንጂ ሲጋራን አይደለም» አለቻት። የማቆሚያ ቀን ቆረጡ፣ ሰኞ። አምሮት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ውሃ መጠጣት፣ መንቀሳቀስ፣ ሰው ጋ መደወል። ብዙ ቀን ለእኔ ደውላለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ትለኛለች። «ሽንኩርት እየከተፍኩ።» «ስለ ሽንኩርቱ አውሪልኝ።» እኔም ስለ ሽንኩርቱ አወራታለሁ!

ባልየው

ይህን አልቀረችም፣ ነገረችው። ባለሙያዋ አላስገደደቻትም፤ «ፕላስተሩን ቤት ውስጥ የት ልትደብቂው ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ቅዳሜ ማታ ክንዷን ገልጣ አሳየችው። ምንም ሳይል ተነስቶ ወጣ። አራት ሰዓት ላይ ተመለሰ። «ሰባት ዓመት? እኔ ካንቺ ጋር ሦስት ዓመት ኖሬ!» አለ። ሳምንት አኮረፈ። ያናደደው ሲጋራው ሳይሆን ዕጣኑ መሆኑን በኋላ ነው የተናገረው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ! ፖሊስ ሆኖባታል። ቦርሳዋን ይፈትሻል፣ አፏን ያሸታል። አማካሪዋ አስጠርታ «የሚፈተሽ ሰው መደበቅ ይማራል፤ እሷ ደግሞ መደበቁን ጠንቅቃ ታውቅበታለች» አለችው። ይኸውልህ አንተ ባል! አንተ ራስህ ቤት ውስጥ የምታጨስ ከሆነማ ያንተም ጭስ ያው ጭስ ነው፣ ታክሲውን ይሞላል። «እኔ ሺሻ ብቻ ነው» ለምትሉም፣ አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ መቀመጥ ከአንድ ሲጋራ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ጊዜ የሚበልጥ ጭስ እንደሚያስገባ የዓለም የጤና ድርጅት ጽፎታል፤ ከሰሉ ደግሞ አለ።

በአምስተኛው ሳምንት አጎቷ አረፉ። ለቅሶ ቤት ጓሮ ከሚያጨሱ ሰዎች ተቀብላ ሁለት አጨሰች። በማግስቱ «ሁሉም አበቃ» ብላ ፕላስተሩን ልትጥለው ነበር። ሐኪሙ ግን «ሁለት ሲጋራ ነው ያጨስሽው፤ አምስት ሳምንቱን ማን ወሰደብሽ?» አሏት። ማክሰኞ እንደገና ለጠፈች።

ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ወሯ ክትትል ሄዳ ነበር፣ ያው ማንም ያልጠየቃት ቦታ። ሲስተሯ መዝና፣ ለክታ፣ ጽፋ ካርዱን ልትዘጋው ስትል «ሲስተር፣ ያልጻፍሽው አንድ ነገር አለ» አለቻት። ነገረቻት። ሲስተሯ ካርዱን መልሳ ከፈተችውና ብዕሯን አነሳች።

«ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስልሳ አንድ ቀን። መሀል ላይ ሁለት አለች፤ እሷንም ጻፊያት።»